ከቱርሚ መልስ የጀመረው ቋቋታ፦ የ78 ላንድክሩዘር የፊት እግር ድምፅ

ባለ78 · ሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ወር ሙሉ ዝም ብዬ ሳነብ ከርሜ ዛሬ ቸግሮኝ መጣሁ።

መኪናዬ ላንድክሩዘር 78 ነው፤ አምቡላንስ የሚሠሩበት ረጅሙ። የ2001 ስሪት (በፈረንጅ)፣ ሞተሩ ዋን ኤችዜድ፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ። ከፊት ሞላ (ጥቅል ስፕሪንግ) ነው፣ ባሌስትራ (ድርብርብ ብረት) አይደለም። ሃቡ (የፊት ጎማውን ከውስጥ ዘንጉ ጋር የሚያገናኘውና የሚለያየው) በእጅ የሚዞር። ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጨረታ ላይ ገዛሁት፤ ቆጣሪው 400 ሺህን ካለፈ ቆይቷል። አርባ ምንጭ ነው የምኖረው። ቱሪስት ጭኜ ኮንሶ፣ ጂንካ፣ ቱርሚ፣ ኦሞራቴ እመላለሳለሁ። እንጀራዬ ነው በአጭሩ።

የዛሬ ሦስት ወር ከቱርሚ ስመለስ ጠጠሩ ላይ ከፊት "ቋ" አለ። ድንጋይ የመታኝ መስሎኝ ወርጄ አየሁ፤ ምንም የለም። ከዚያ ወዲህ አልተወኝም። ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ስሄድ ቋ ቋ ቋ። ቆሜ መሪ ስጠመዝዝ አንዴ "ጓ"። ፍሬን ስይዝ አንዴ፣ ስለቅ አንዴ። አስፋልት ላይ በ80 ስሄድ ድምፅ የለም፤ ግን መሪው ይንሳፈፍብኛል፣ ሁሌ ማረም አለብኝ።

እስካሁን የቀየርኩት፦ ሁለቱም የፊት አሞርዛተር፣ አራቱም የታይሮድ (መሪውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ጫፍ፣ የፊት ጎማ ኩሽኔታ በሁለቱም በኩል። ሦስት ጋራዥ ገባሁ። እያንዳንዱ "አገኘሁት" ብሎ አንድ ዕቃ ቀየረልኝ። ድምፁ እንዳለ ነው፤ ገንዘቡ ብቻ ነው የሄደው። የፓናርድ (አክስሉን ወደ ጎን የሚይዘው ዘንግ) ጎሚኒ፣ ጫፉ ላይ ያለው ላስቲክ፣ ደግሞ ከተቀየረ ገና አራት ወሩ ነው፤ አዲስ ስለሆነ እሱ አይደለም።

ደግሞ ፎር ዊል አስገብቼ አሸዋ ላይ ስጠመዝዝ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል። እጅ እጅ አለኝ። ምን ልሁን?

ጎሚስታው · ሰኞ፣ ማታ 2፡31

ክሪኩን አይተኸዋል? እየቀለድኩ አይደለም። እኔ አንዴ ለአንድ ሃይሉክስ ኩሽኔታ ላስቀይር ስል ባለቤቱ ከወንበሩ ሥር ክሪኩን አወጣ፤ መኪናው ዝም አለ። በሰውየው ፊት እንዴት እንዳፈርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሞላና ባሌስትራ · ሰኞ፣ ማታ 3፡02

ወንድሜ አሞርዛተሩ ነው። አልቋል። አዲስ ነው ብትልም ገበያ ላይ ያለውን ታውቃለህ፤ ካርቶኑ ጃፓን ይላል፣ ውስጡ ሌላ ነው። በተለይ ላይኛው ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት ጎሚኒዎች ተገልብጠው ወይም አንዱ ቀርቶ ከሆነ ልክ እንዳልከው ነው የሚያንኳኳው። ኮብልስቶን ላይ የሚሰማ ድምፅ ከአሞርዛተር ውጪ አላውቅም።

ባለ78 · ሰኞ፣ ማታ 3፡20

@ጎሚስታው ክሪኩ በጎማ ተጠቅልሎ ታስሯል። እሱን መጀመሪያ ነው ያየሁት :)

@ሞላና ባሌስትራ ላይኛውን ጫፍ ነገ አየዋለሁ። ግን አሞርዛተር ቆሜ መሪ ሳዞር ለምን ይጮኻል?

ጡረተኛው መካኒክ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡40

ልጄ፣ በመጀመሪያ ዕቃ መግዛቱን አቁም። ሦስት ጋራዥ ገብተህ ሦስቱም ገምተዋል። አንዳቸውም አልፈለጉም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጎሚኒው የተቀየረው የዛሬ አራት ወር ነው አልክ። ድምፁ የጀመረው የዛሬ ሦስት ወር ነው አልክ። እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። እኔ ብሆን "አዲስ ነው" ብዬ አላልፈውም ነበር።

አሁን የምልህን አድርግ። አንድ ረዳት ትፈልጋለህ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፤ አራቱም ጎማ መሬት ይርገጥ። ክሪክ አታስገባ። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፍ፣ ማርሹ ዜሮ ይሁን፣ ሞተሩ ይነሳ። ረዳትህ መሪውን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ይወዝውዘው። ሩብ ዙር እንኳ አይሙላ። አንተ ከፊት በኩል ገብተህ እጅህን በየመጋጠሚያው ላይ አሳርፍ። የመሪ ሳጥኑ ከሻንሲው ጋር የታሰረበትን ቡሎን። ከዚያ የታይሮድ ጫፎቹን አንድ በአንድ። ከዚያ የፓናርዱን ሁለት ጫፎች። ከዚያ አክስሉን የያዙትን የሁለቱን ረጃጅም ክንዶች ጎሚኒዎች። ከማራገቢያውና ከቺንጊያው ግን ራቅ።

ልቅ የሆነው ቦታ እጅህን ይመታሃል። ጆሮህን አትመን። ብረት ድምፅን ይዞ ይሮጣል፤ ከግራ የተነሳው ከቀኝ ይሰማሃል። እኔ በመንግሥት ጋራዥ ስሠራ ከፊት የሚመስል ድምፅ ከኋላ ባሌስትራ ያገኘሁበት ጊዜ አለ።

ጎማው መሬት ይርገጥ ያልኩህ በምክንያት ነው። ፓናርድ ማለት ከሻንሲው ወደ አክስሉ በአግድም የሚሻገረው ዘንግ ነው። ሞላ መኪናውን ወደ ላይ ይሸከመዋል እንጂ ወደ ጎን አይዘውም። አክስሉ ግራ ቀኝ እንዳይሄድ የሚጠብቀው በዋናነት እሱ ዘንግ ነው። ቆመህ መሪ ስትጠመዝዝ ጎማው መሬቱን ነክሶ ስለያዘ ኃይሉ አካሉን ወደ ጎን ይገፋዋል። የፓናርዱ ጎሚኒ ካለቀ በዚያች ቅጽበት ብረት ከብረት ይጋጫል። ያቺ "ጓ" ያልካት። ክሪክ ላይ ሰቅለህ ብታየው ግን ጎማው የሚይዘው መሬት የለም፤ ልቁም አይታይም። ሦስቱም ጋራዥ ሰቅለው ነው ያዩት፣ አይደል?

ጠቅ ጠቅ ያልካት ግን ሌላ በሽታ ናት። ሁለቱን አታደባልቅ። እሷን በኋላ እንመለስባታለን።

ሞላና ባሌስትራ · ማክሰኞ፣ ረፋድ 4፡05

ጋሼ ከአክብሮት ጋር፣ ፓናርድ አራት ወር ላይ አያልቅም። ኦርጅናሉ ዓመታት ይቆያል። እኔ አሁንም አሞርዛተር ነው የምለው።

ጡረተኛው መካኒክ · ማክሰኞ፣ ረፋድ 4፡18

ኦርጅናሉ ይቆያል። ማን አሰረው የሚለውንስ?

የዲላዋ · ማክሰኞ፣ ቀን 6፡50

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ የአባቴን ሃይሉክስ የምነዳ ሴት ነኝ። አንድ የጠቀመኝን ልንገርህ። ስልኬን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጌ በጨርቅ ጠቅልዬ ኮፈኑ ሥር በግራ በኩል አሰርኩት። ያንኑ መንገድ በዚያው ፍጥነት ነዳሁ። ከዚያ በቀኝ በኩል። ሁለቱን ቅጂ ማታ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። በአንዱ በኩል ድምፁ ደረቅ፣ በሌላው ድፍን ያለ ነበር። የባትሪ ማሰሪያ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ጋራዥ ግን እግሩን ሊፈታ ነበር። ሴት ስትሆኚ ደግሞ ዋጋውም ይጨምራል፤ እሱ ሌላ ርዕስ ነው።

ስልኩን ከሞተሩ ሙቀት አርቀው፣ እኔ አንዱን አቅልጫለሁ።

ጎሚስታው · ማክሰኞ፣ ቀን 7፡10

እህቴ ስልኩ ከኩሽኔታ ይወደዳል እኮ!

ባለ78 · ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

ጋሼ እጅዎ ይባረክ። ሠራሁት።

የጎረቤቴ ልጅ መሪውን ወዘወዘ፣ እኔ ገባሁ። የመሪ ሳጥኑ ደህና ነው። ታይሮዶቹ ደህና ናቸው፣ አዲስ ናቸው። ፓናርዱ አክስሉ ጋ ያለው ጫፍ ዝም ያለ ነው። ሻንሲው ጋ ያለው ጫፍ ላይ እጄን ሳሳርፍ ግን ቋ! በጣቴ ነው የተሰማኝ። ባትሪ አብርቼ አየሁት፤ ዘንጉ ወደ ጎን ሲሄድ ሻንሲው ቆሞ ይጠብቀዋል። የትንሽ ጣቴን ግማሽ ያህል ይንቀሳቀሳል። አዲስ ነው ብዬ ሦስት ወር ያለፍኩት!

ሦስቱም ጋራዥ ሰቅለው ነው ያዩት፤ ልክ ነዎት።

ሻርጃ ጋራዥ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡12

ሰላም። ሻርጃ ነው የምሠራው፤ እዚህ 70 ሲሪየስ (ያንተም 78 ከዚያው ነው) በየቀኑ ነው የሚገባልን። አንድ ጥያቄ፦ ያ ጎሚኒ ሲቀየር ቡሎኑን ያጠበቁት መኪናው ተሰቅሎ እያለ ነው ወይስ መሬት ከወረደ በኋላ?

ባለ78 · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡20

ተሰቅሎ። እዚያው አጥብቀው አወረዱት። ምን ችግር አለው?

ሻርጃ ጋራዥ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡48

ችግሩ እሱ ነው። ጎሚኒው እንደ ኩሽኔታ አይሽከረከርም። የውጭ ብረቱ በዘንጉ ዐይን ውስጥ ተጨምቆ ገብቷል። የውስጥ ቱቦው በቡሎኑ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። ሁለቱም አይንቀሳቀሱም። መሃል ያለው ላስቲክ ነው የሚጠመዘዘው። መኪናው ሲነሳና ሲወርድ ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ። ለዚያ ነው የተሠራው።

ተሰቅሎ እያለ አክስሉ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። እዚያ ላይ ካጠበቅህ ላስቲኩ የተንጠለጠለበትን ቦታ "መሃሌ ይሄ ነው" ብሎ ይይዛል። መኪናው ሲወርድ ገና ሳይነዳ ተጠምዝዞ ይውላል፤ ያድራል። ጉድጓድ ሲያገኘው ከአቅሙ በላይ ይዞራል። በዚያ ላይ የቱርሚ ጠጠር። ወር መቆየቱም ጉድ ነው።

ስለዚህ አዲሱን ስታስገባ ቡሎኑን በእጅ ብቻ አስገባ። መኪናውን አውርድ። ፊቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ታች ተጫንና ልቀቀው። አንድ ሁለት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሰው። ከዚያ መሬት ላይ እንደቆመ አጥብቅ። የረጃጅሞቹ ክንዶች ጎሚኒም እንዲሁ ነው። እዚህ አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የማስተምረው ይህን ነው፤ ግማሾቹ አሁንም ይረሳሉ።

ሌላ፦ ቡሎኑን አውጥተህ በጥፍርህ ዳብሰው። ቦይ ካለበት ጣለው። ቀዳዳውንም እይ፤ ሞላላ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ለሦስት ወር ሲደበደብ ከርሟል።

ዴንቨር80 · ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡25

ከኮሎራዶ ሰላም። እኔ ያለኝ የ1996 ላንድክሩዘር 80 ነው። ላስቲኩን ትቼ ፖሊዩሬቴን አስገብቻለሁ። ጠንካራ ነው፣ አያልቅም፣ ግን ደረቅ ቀን ላይ ሲጢጥ ይላል፤ ግሪስ ካልቀባሁት ጎረቤት ይሰማል። ለጠጠር መንገድ ደግሞ ንዝረቱን ሁሉ ወደ ሻንሲው ይሰዳል። አንተ ቱሪስት ስለምትጭን ላስቲኩን ነው የምመክርህ። ኦርጅናሉን ካጣህ ንገረኝ፤ በሰው እልክልሃለሁ።

ባለ78 · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡00

ወንድሜ አመሰግናለሁ። ለጊዜው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያለ ዘመዴ እየፈለገልኝ ነው። እዚህ አንድ ቶርኖ ቤት ደግሞ "ከናይሎን ልሥራልህ፣ ዕድሜ ልክ ነው" ብሎኛል። ጋሼ ምን ይላሉ?

ጡረተኛው መካኒክ · ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡35

ዕቃ በጠፋበት ዘመን ከከባድ መኪና ጎማ ቆርጠን ጎሚኒ እንሠራ ነበር። ይሠራል። ዕቃ እያለ ግን ለምን? ናይሎን አይጠመዘዝም። ላስቲኩ መሸከም የነበረበትን ቡሎኑና ቀዳዳው ይሸከሙታል። ዕድሜ ልክ የሚቆየው ናይሎኑ ነው እንጂ ሻንሲህ አይደለም።

ቶርኖ ቤቱን ለሌላ ሥራ አትጣለው። ጎሚኒውን በመዶሻ እየደበደቡ እንዳያስገቡብህ በፕሬስ ያስገባልህ። ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ ደግሞ ወፍራም ሮንዴላ በቡሎኑ ልክ ይብሳና በሁለቱም በኩል ይበየድበት። ብየዳ ስታሠራ ባትሪውን ፍታ። ቡሎኑን ግን በየትኛውም መንገድ እንዳታስበይድ።

አሁን ወደ ጠቅ ጠቅ እንምጣ። ሃብህ በእጅ የሚዞር መሆኑ መታደል ነው፤ ከእሱ የተሻለ መመርመሪያ የለም። ሦስት ጊዜ ንዳ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ በዝግታ፣ መሪውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዘህ ክብ እየሠራህ።

መጀመሪያ ሁለቱም ሃብ ፍሪ (የተለቀቀ) ላይ ሆኖ በቱ ኤች (ኃይል ለኋላ ጎማ ብቻ)። ያኔ ከፊት የሚዞረው ጎማው፣ ዲስኩና ኩሽኔታው ብቻ ነው። የውስጥ ዘንጎቹ፣ ሲቪ ጆይንቱ (ጎማው ሲጠመዘዝም ኃይል የሚያስተላልፈው መጋጠሚያ)፣ የፊት ዲፈረንሺያሉ ተኝተዋል። እዚህ ላይ ድምፅ ካለ ኩሽኔታ ወይም ፍሬን ነው።

ሁለተኛ ሃቡን ሎክ (የተያያዘ) አድርገህ፣ ግን አሁንም በቱ ኤች። ዘንጎቹ ይዞራሉ፤ ኃይል ግን የላቸውም።

ሦስተኛ ሃቡ ሎክ፣ ማርሹ ፎር ኤች (ኃይል ለአራቱም ጎማ)። ይህን አሸዋ ወይም ልቅ አፈር ላይ ብቻ። አስፋልት ላይ እንዳትሞክረው፤ የምትፈልገውን ሳታገኝ ሌላ ትሰብራለህ። እዚህ ላይ ብቻ ጠቅ ጠቅ ካለ ሲቪ ጆይንቱ ነው። ወደ ግራ ስታዞር ከጮኸ ብዙ ጊዜ የቀኙ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን አልወራረድበትም፣ ሁለቱንም ፈትቼ ነው የማየው።

ዴንቨር80 · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡10

ይሄ ፈተና ለእኔ አይሆንም :( አሜሪካ የገባው 80 ሁልጊዜ ፎር ዊል ነው፤ ሃብ የለውም። የእኔ ሲጮህ ሁሌም ይጮሃል። ባለ ሃብ ሁላችሁ እንኳን ደስ አላችሁ።

ባለ78 · ሐሙስ፣ ማታ 12፡50

የፈተናው ውጤት፦ ፍሪ ላይ ዝም። ሎክ በቱ ኤች ላይ ዝም ማለት ይቻላል፤ አንዴ ሁለቴ ብቻ። ፎር ኤች ላይ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር አሸዋው ላይ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ሠርግ ቤት መስሏል። በሁለቱም አቅጣጫ።

ደግሞ ጎማዎቹን ከኋላ ሳይ በቀኝ በኩል የኳሱ ቤት (ሲቪ ጆይንቱ ያለበት) ዙሪያውን ረጥቧል። ግሪስ አይደለም፤ ቀጠን ያለ ጥቁር ነገር።

ሻርጃ ጋራዥ · ሐሙስ፣ ማታ 1፡15

ያ የዲፈረንሺያል ዘይት ነው። የውስጡ ኦይል ሲል (ዘይት የሚያግደው ላስቲክ) አልቆ ዘይቱ ወደ ኳሱ ቤት ገብቶ ግሪሱን አቅጥኖታል። ሲቪ ጆይንትህ በቀጭን ሾርባ ነው ሲዞር የከረመው። የዲፈረንሺያሉን ዘይት ልክም እይ፤ ጎድሎ ይሆናል።

ከፈታህ አይቀር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሥራው። የውስጥ ሲል፣ የውጭ መጥረጊያ ሲል፣ የኪንግ ፒን (ጎማው ግራ ቀኝ ሲጠመዘዝ የሚዞርበት ምሰሶ) ኩሽኔታዎች። ኪንግ ፒኑን ስታወጣ የላዩንና የታቹን ሺም (ስስ የብረት ቀለበት) አታቀላቅል፤ እያንዳንዱን ከነክዳኑ በላስቲክ እሰረው። እሱ ነው ኩሽኔታው ምን ያህል እንደሚጠብቅ የሚወስነው። ለሲቪው ሞሊብዲነም ያለበት ግሪስ፤ ጥቁሩ። ለጎማ ኩሽኔታው የሊቲየም ግሪስ።

ጡረተኛው መካኒክ · ሐሙስ፣ ማታ 2፡05

ኪንግ ፒኑን ከመፍታትህ በፊት አንድ ፈተና፦ አሁን ክሪክ አስገባ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ገፋ ሳብ አድርገው። ልቅ ካለው ረዳትህ ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ ልቁ ከጠፋ የጎማ ኩሽኔታ ነው። ፍሬን ተረግጦም ካለ ኪንግ ፒን ነው፤ ምክንያቱም ፍሬኑ ጎማውን ከኳሱ ቤት ጋር አንድ አድርጎ ይይዘዋል። ግራና ቀኙን ይዘህ ስትወዘውዘው ብቻ የሚታየው ልቅ ደግሞ የታይሮድ ነው።

ስለ ጎማ ኩሽኔታው አንድ ነገር ይቆጨኛል። በመዶሻና በመሮ ዳዶውን የሚመቱ መካኒኮች አሉ። እባክህ ለእሱ የ54 ቦክስ አለ። ካጠበቅህ በኋላ ጎማውን ሳታስገባ የምንጭ ሚዛን ጎማ ከሚታሰርበት ቡሎን ላይ አስረህ ሳብ። ሃቡ መዞር ሲጀምር ከ3 እስከ 5 ኪሎ ከሳበ እኔ ይበቃኛል። ገበያ ላይ ሥጋ የሚመዘንበት ሚዛን ይሆናል። ሦስቱ ጋራዦች ይህን እንዳላደረጉ እወራረዳለሁ።

ሞላና ባሌስትራ · ዓርብ፣ ጠዋት 2፡40

በፓናርዱ ተረትቻለሁ፤ ጋሼ ይቅርታ። ግን የአሞርዛተሩን ላይኛ ጎሚኒ አይተኸዋል?

ባለ78 · ዓርብ፣ ጠዋት 3፡00

አይቼዋለሁ። በግራ በኩል አንዱ ተገልብጦ ነበር! ስለዚህ አንተም ሙሉ በሙሉ አልተረታህም :)

ባለ78 · ማክሰኞ (ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ)፣ ማታ 2፡30

ወንድሞች፣ እህቴ፣ ጋሼ፤ ጠፍቼ የከረምኩት ሥራ ላይ ነው።

ፓናርድ፦ አሮጌው ጎሚኒ ሲወጣ ላስቲኩ ዙሪያውን ተቀዶ የውስጥ ቱቦው ብቻውን ይጫወት ነበር። ቡሎኑ መሃሉ ላይ ቦይ አውጥቷል። ቀዳዳው በአንድ በኩል ትንሽ ሞላላ ነበር፤ ሮንዴላ ተበይዶበታል። አዲስ ጎሚኒ ለሁለቱም ጫፍ፣ አዲስ ቡሎን። በእጅ አስገብቼ፣ አውርጄ፣ ፊቱ ላይ ሦስት ሰው ቆሞ ዘሎ፣ ከዚያ መሬት ላይ አጠበቅሁ። መካኒኩ "ምን ለውጥ አለው" እያለ ሲስቅብኝ ነበር። ከጋራዡ ስወጣ ኮብልስቶኑ ላይ መስኮት ከፍቼ ነዳሁ። ዝም። ለሦስት ወር ያልሰማሁት የሞተሬን ድምፅ ሰማሁት። መሪውም መንሳፈፉን ትቷል።

ፈተናው ላይ ከላይና ከታች ይዤ ስወዘውዝ በቀኝ በኩል ትንሽ ልቅ ነበር፤ ፍሬን ሲረገጥም አልጠፋም። ኪንግ ፒን። ስንከፍተው ግሪሱ አጥሚት መስሏል። የታችኛው ኩሽኔታ ቤት ላይ ጥርስ ጥርስ የመሰሉ ጉድጓዶች ነበሩ። ተቀየረ።

የጎማ ኩሽኔታውን በሥጋ ሚዛን ሳብኩት። በግራ 9 ኪሎ፣ በቀኝ 1 ኪሎ ብቻ! ያው መካኒክ፣ ያው ቀን የሠራቸው። ሁለቱንም አስተካከልኩ። ሚዛኑን ያዋሰኝ ሥጋ ሻጭ "ምን ልትመዝን ነው?" ሲለኝ "ላንድክሩዘር" አልኩት።

የቀረኝ ሲቪ ጆይንት ነው። ኳሶቹ የሚሄዱባቸው ቦዮች አንድ ጎናቸው ተበልቷል፤ ሌላው ጎን ደህና ነው። ኦርጅናሉ ዋጋው አይነካም። ምን ላድርግ?

ጡረተኛው መካኒክ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10

ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ አዙራቸው። መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን ወደፊት ስለሚሄድ ቦዩ የሚበላው በአንድ በኩል ነው። ስታዟዙራቸው ወደፊት ስትሄድ ያልተበላው ጎን ይሸከማል። ረጅምና አጭሩን የውስጥ ዘንግ ግን በየቦታው ተወው፤ የምታዟዙረው ጆይንቱን ብቻ ነው። ስንጥቅ ካለበት ግን አይሆንም፤ በናፍጣ አጥበህ በፀሐይ ብርሃን አገላብጠህ እየው።

ወደኋላ በፎር ዊል ስትወጣ ሊጮህ ይችላል። በኋላ ማርሽ ዳገት ስንቴ ትወጣለህ?

ሻርጃ ጋራዥ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡22

ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ እኛም እናደርገዋለን። ከዚህ በኋላ ደግሞ በወር አንዴ ሃቡን ሎክ አድርገህ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ንዳው። ፍሪ ላይ ብቻ ሲከርም ዘንጎቹ አይዞሩም፣ ግሪሱም ወደ ላይ አይደርስም። ላይኛው ኪንግ ፒን በደረቁ ይሠራል።

ባለ78 · ሐሙስ፣ ማታ 1፡05

ተዟዙረዋል። ኩልፎ ዳር ፎር ኤች ላይ ክብ ሠራሁ፤ ዝም። ወደኋላ ስመለስ ሁለት ጊዜ ጠቅ ብሏል። ወደኋላ አልሄድም፣ አለቀ።

ቅዳሜ ስድስት እንግዳ ይዤ ቱርሚ እወርዳለሁ። ሰኞ ስመለስ እነግራችኋለሁ።

አዲስ ገቢ · ሐሙስ፣ ማታ 4፡00

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። የእኔ ፓትሮል ዋይ60 ነው፤ ልክ እንደዚህ ይጮኻል፣ ግን ከኋላ በኩል ነው። ያው ይሆን?

ጎሚስታው · ሐሙስ፣ ማታ 4፡04

አዲስ ርዕስ ክፈትለት ወንድሜ። ከመክፈትህ በፊት ግን ክሪኩን እይ።